የአራት ሃርድ ዲስክ ሙቀት፦ ከየካቲት እስከ መስከረም

ቦታው ፍኖተ ሰላም። ሥራዬ ሠርግ መቅረጽ ነው። የቀረጽኳቸውን የማከማችበት ቤት ያለው ሰርቨር አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፤ አራተኛ ትውልድ አይ ፋይቭ ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋ ራም። ውስጡ ባለ 4 ቴራ አራት ሃርድ ዲስኮች አሉ። በሬይድ 1 ሁለት ሁለት ሆነው ተጣምረዋል፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። የሚሠራው በኦፕን ሚዲያ ቮልት፣ በነጻ የፋይል ማከማቻ ሶፍትዌር ነው። ከታች ወደ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብያቸዋለሁ። ሀ ከለ ጋር፣ ሐ ከመ ጋር ጥንድ ናቸው።

የካቲት 27፣ እሑድ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሳሎን ስገባ ቡፌው ያጉረመርማል። ሰርቨሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ በሩ ተዘግቶ። በሩን ስነካው ለብ ብሏል። ስከፍተው ፊቴ ላይ የመጣው አየር የምጣድ አጠገብ አየር ይመስላል።

የዲስክን ጤና በሚያሳየው ፕሮግራም፣ በስማርትሲቲኤል አየሁት። 194 ቁጥር ያለው መስመር ሙቀቱን ያሳያል። ሀ 44፣ ለ 49፣ ሐ 53፣ መ 47። የሳሎኑ ሙቀት ግን 22 ብቻ ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። ዴቢያን (ኦፕን ሚዲያ ቮልት የቆመበት የሊኑክስ ሥርዓት) በየፈረንጅ ወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሌሊት ጥንዶቹን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ እኩል መሆናቸውን ያረጋግጣል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ይጀምራል። ባለ 4 ቴራ ዲስክ ላይ ሰባት ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ዲስኮቹ ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፉ ሲያነቡ አድረዋል።

ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በሌሊት ብርድ 53 ከደረሰ፣ በመጋቢት ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሙሉ ሠርግ ስገለብጥ ስንት ይደርሳል? አሁን ዐቢይ ጾም ነው፤ ሠርግ የለም። ከፋሲካ በፊት ማስተካከል አለብኝ።

መጋቢት 2

ነገር ከመንካቴ በፊት መለኪያ አበጀሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ያንኑ ማረጋገጫ በእጄ አስነሳለሁ። ሁሉም ዲስክ እኩል ይሠራል። ቴርሞሜትር ግድግዳው ላይ፣ ከኬዙ (ከኮምፒውተሩ ሳጥን) ራቅ አድርጌ ሰቀልኩ። 11 ሰዓት ላይ የዲስኮቹን ቁጥር ጽፌ የክፍሉን ሙቀት እቀንስበታለሁ። የምከተለው ልዩነቱን ነው። እንዲህ ካላደረግሁ አንድ ቀን ደመና ሲሆን «ተሻለ» ብዬ እሸወዳለሁ።

የመጀመሪያው ውጤት፦ ክፍሉ 28። ሀ 49፣ ለ 54፣ ሐ 58፣ መ 52። ሐ ከክፍሉ በ30 ዲግሪ ይበልጣል።

58 ምን ማለት ነው? አብዛኛው የዲስክ አምራች ከፍተኛውን የሥራ ሙቀት 60 ወይም 65 ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ገና አላለፍኩም፤ ግን ተጠግቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 የጉግል ባለሙያዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ጥናት አውጥተው ነበር። መካከለኛ ሙቀት ሰው እንደሚፈራው ዲስክ አይገድልም አሉ። እንዲያውም በጣም ቀዝቃዛ የነበሩት የበለጠ ተበላሽተዋል። ብልሽት የጨመረው በጣም ሲግልና ዲስኩ ሲያረጅ ነው። የእኔዎቹ አራት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሁለቱም ተገናኝተውብኛል፤ ግለትም እርጅናም።

ግቤ፦ በሥራ ሰዓት ከ45 እንዳያልፍ። 30 ይሁን አላልኩም።

መጋቢት 4

ምንም ብር የማይጠይቀውን አስቀደምኩ። ሰርቨሩን ከቡፌው አውጥቼ በኋላ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ራቀ። የኔትወርክ ኬብል በኮርኒሱ ላይ አሳለፍኩ፤ የማዳበሪያ ኮርኒስ ስለሆነ መብሳት አያስቸግርም።

ክፍሉ 28፣ ሐ 52። ልዩነቱ 24። ስድስት ዲግሪ በነጻ።

ቡፌ ውስጥ የነበረው ችግር ግልጽ ነው። ኬዙ ሙቅ አየር ከኋላ ያወጣል፤ የወጣው አየር መሄጃ ስለሌለው ዞሮ ከፊት ይገባል። ዲስኮቹ የራሳቸውን ትንፋሽ መልሰው ይስባሉ።

መጋቢት 5

ስህተት ቁጥር አንድ። የኬዙን የጎን ክዳን ከፈትኩት። ክፍት ነገር ይቀዘቅዛል ብዬ ነው።

ክፍሉ 28፣ ሐ 55። ጨመረ! ልዩነቱ 27። አላመንኩም፤ ደገምኩት። ያው።

እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። ነገርኳት። «ማድ ቤት በሩን ስከፍተው ጭሱ በላይኛው መስኮት መውጣቱን ይተዋል፣ እዚያው ይዞራል። አታውቅም እንዴ ልጄ?» አለችኝ። ልክ ነች። ክዳኑ ሲዘጋ የኋላው ፋን አየር የሚያገኘው ከፊት ነው፤ በዲስኮቹ በኩል ትንሽም ቢሆን ያልፋል። ክዳኑ ሲከፈት ግን ከጎን እንደልቡ ያገኛል። ዲስኮቹ መሐል ያለው አየር ቆመ።

ማታ የቤቱን ቬንትሌተር ከጎን አስጠግቼ ሞከርኩ። ሐ ወደ 38 ወረደ። ጥሩ ቁጥር ነው። ግን በሁለተኛው ቀን ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ቀይ አቧራ ተኝቶ አገኘሁት። የበጋ አቧራ እዚህ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ቬንትሌተሩን መለስኩ፣ ክዳኑን ዘጋሁ።

መጋቢት 10

ባሕር ዳር ለሥራ ሄጄ ሁለት ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ገዛሁ። አንዱ 850 ብር። ባለ 4 ፒን መሆናቸውን አይቼ ነው የወሰድኩ፤ ባለ 3 ፒኑን ፍጥነት የእኔ ማዘርቦርድ መቆጣጠር አይችልም።

አንዱን ከፊት፣ ዲስኮቹ ፊት ለፊት ገጠምኩ። ፈተናውን አስነሳሁ። ክፍሉ 28፣ ሐ 53። ልዩነቱ 25። 850 ብር አውጥቼ ባሰብኝ።

ፋኑን በተቃራኒ ገጥሜዋለሁ። አየሩን ወደ ውጭ ይጥላል። የኋላውም ወደ ውጭ ይጥላል። ሁለቱ እየተጓተቱ ኬዙ አየር አጣ። የፋኑ ጠርዝ ላይ ሁለት ትናንሽ ቀስቶች ተቀርጸዋል፤ አንዱ የምላጩን መዞሪያ፣ ሌላው አየሩ የሚሄድበትን ያሳያል። ቀስት ከሌለው ደግሞ ሞተሩን የያዙት ዘንጎች ባሉበት በኩል ነው አየሩ የሚወጣው። አዞርኩት።

ክፍሉ 29፣ ሐ 48። ልዩነቱ 19።

ይህ ውጤት ያስደስታል፣ ግን አልጠገብኩም። 120 ሚሊ ሜትር ፋን ፊቱ ላይ ተደቅኖ 19 ብዙ ነው። አየሩ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው።

መጋቢት 13

የዚህ ሁሉ ሥራ ትልቁ ቀን ዛሬ ነበር።

አየር አይታይም። የሚታይ ነገር ያስፈልገኛል። ከረከቦቱ አጠገብ ከእናቴ ማጨሻ ላይ እጣን ቆነጠርኩ። ትንሽ ፍም በጣሳ ክዳን ይዤ ኬዙን ዙሪያውን ዞርኩት። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ጭሱን ወደ ውስጥ አልነፋሁም። ብዙዎቹ ዲስኮች መተንፈሻ ቀዳዳ አላቸው፤ ማጣሪያ ቢኖረውም ጭስ አያስፈልገውም። ከውጭ በኩል፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ፣ ጭሱ ወዴት እንደሚሳብ አየሁ። ሲበቃኝ ወዲያው ከክፍሉ አወጣሁት።

ያየሁት ይህ ነው። ከፊት ከፋኑ አጠገብ ጭሱ ወደ ውስጥ ገባ፤ ግን ከፋኑ ጠርዝ በስተግራ ተመልሶ ወጣ። ፋኑና የዲስኩ መደርደሪያ መሐል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። አየሩ በዲስኮቹ ጠባብ መሐል ከማለፍ ይልቅ በዚያ ይዞራል። ከኋላ ደግሞ ሁለት የካርድ ማስገቢያዎች ክዳን የላቸውም። ጭሱ በእነሱ ገብቶ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ፋን ሄደ። የኋላው ፋን አጠገቡ ካለ ቀዳዳ ነው የሚጠጣው። ዲስኮቹ ጋ አይደርስም።

ለካ ሁለት ፋን ኖሮኝ ዲስኮቹን የሚያገኛቸው የአንዱ ግማሽ እንኳ አልነበረም።

ካርቶን ቆረጥኩ። ከፋኑ አራት ጠርዝ እስከ መደርደሪያው ድረስ እንደ ቧንቧ ከበብኩት። በሰፊ ፕላስተር አሸግሁ። የካርድ ማስገቢያዎቹን ደፈንኩ። ባዶውን የሲዲ ቦታ ደፈንኩ። ፕላስተሩ 40 ብር፤ ካርቶኑ የፋኖቹ ማሸጊያ ነው።

ክፍሉ 29። ሀ 39፣ ለ 42፣ ሐ 43፣ መ 41። የሐ ልዩነት 14። በ40 ብር አምስት ዲግሪ፣ በ850 ብር ከተገኘው ጋር እኩል።

ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው፤ ሰው «ስንት ፋን ላስገባ?» ብሎ ይጠይቃል። መጠየቅ ያለበት አየሩ በየት ገብቶ በየት ይወጣል፣ ሌላ አቋራጭስ አለው ወይ ነው። አየር እንደ መስኖ ውሃ ነው። ቦዩ አንድ ቦታ ከተሰበረ ማሳው ጫፍ አይደርስም።

መጋቢት 16

ስለ ከፍታ። ሌላ አገር ያሉ ሰዎች በተመሳሳይ ኬዝና ፋን ልዩነቱ 10 ነው ይላሉ። እኔ 14 ላይ ነኝ። አንዱ ምክንያት አገራችን ነው ብዬ አምናለሁ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር አካባቢ ከፍ ብላለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ከ15 እስከ 20 በመቶ የሳሳ ነው። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው መጠን ያው ነው፤ ግን በዚያው መጠን ውስጥ ያለው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል።

ከፍታ ለዲስክ ራሱም ቁም ነገር ነው። የዲስኩ ማንበቢያ ውስጥ ከሚዞረው ሳህን በላይ በጥቂት ናኖ ሜትር የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ነው። አየር ሲሳሳ ዝቅ ይላል። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች እስከ 3,048 ሜትር ብለው የሚወስኑት። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ላይ ስለሆነች ችግር የለም። ጮቄ ተራራ ላይ ግን፣ ጫፉ ከ4,000 በላይ ነውና፣ ተራ ዲስክ ከወሰኑ ውጭ ይሠራል። በሂሊየም ተሞልተው የታሸጉት ለውጭ አየር ግፊት ብዙም አይጨነቁም።

መጋቢት 20 እስከ 24

ዲስኮቹ በጣም ተጠጋግተዋል። እያንዳንዱ 26 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ በመሐላቸው ያለው ክፍተት 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። መሐል ያሉት ለ እና ሐ ከላይም ከታችም በጋለ ጎረቤት ተይዘዋል። ስለዚህ አዲስ መደርደሪያ ላሠራ ወሰንኩ፤ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያለው።

ብየዳ ቤት ሄድኩ። ሥዕል በወረቀት፣ አንድ የተበላሸ ዲስክ ለልክ ይዤ። ባለ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ። 350 ብር ተስማማን። ባለሙያው ጥንቁቅ ሰው ናቸው፤ «ልኩን ከዚህ ከብረቱ ልውሰድ እንጂ ወረቀቱን አላምነውም» አሉኝ። ደግ አደረጉ። እኔ የጎን ቀዳዳዎቹን ርቀት ሁለት ሚሊ ሜትር አሳስቼ ነበር።

አሮጌው መደርደሪያና የሲዲው ቦታ በሪቬት ነው የተያዙት። ሪቬቱን በትራፓን አወጣሁ። ስህተት ቁጥር ሁለት፦ ማዘርቦርዱን ሳላወጣ ጀመርኩ። ሦስተኛው ሪቬት ላይ ብናኝ ብረት በየቦታው ተረጨ። ቆምኩ። ሁሉንም ፈትቼ አወጣሁ፣ በብሩሽና በተጠቀለለ ፕላስተር አንድ በአንድ ለቀምኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። አንድ ፍቅፋቂ ማዘርቦርዱ ሥር ቀርቶ ቢሆን ኮምፒውተሩን ሳበራ ያቃጥለው ነበር።

ስህተት ቁጥር ሦስት ብሎን ነው። ለትልቁ ሃርድ ዲስክ የሚሆነው ብሎን ጥርሱ ሰፋ ያለው ነው። ለሲዲ ማጫወቻና ለላፕቶፕ ዲስክ የሚሆነው ጥርሱ ደቃቅ ነው። ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። ደቃቁን አስገብቼ በካቻቪቴ ሳጠብቀው ዝም ብሎ ዞረ። እንደ እድል የዲስኩን ጥርስ አልበላውም። ረጅም ብሎንም አይገባም፤ ውስጥ ያለውን ቦርድ ሊነካ ይችላል።

መደርደሪያው ሲገጠም ሁለተኛውን ፋን ከመጀመሪያው በላይ አኖርኩ። ካርቶኑን በአዲስ ልክ ሠራሁ። ክፍሉ 28፣ ሐ 39። ልዩነቱ 11።

አንድ ነገር ቀረ፤ ድምፅ። አራቱ ዲስኮች ላሜራውን እንደ ከበሮ ያስጮሁታል። ከባጃጅ ጋራዥ የተጣለ ካላማዳሪ ወስጄ ትናንሽ ቀለበት ቆረጥኩና በብሎኑና በብረቱ መሐል አስገባሁ። ጩኸቱ ጠፋ። ሐ በ1 ዲግሪ ጨመረ፤ ምክንያቱም ዲስኩ ሙቀቱን በከፊል በብረቱ በኩል ነበር የሚያስወጣው፣ ላስቲኩ ያንን ዘጋበት። አንዷን ዲግሪ ሰጠሁ። ንዝረትም ዲስክ ይጎዳል፤ ባለቤቴም ማታ መተኛት አለባት።

ሚያዝያ 3

199 ቁጥር ያለው መስመር ላይ የዲስክ «ለ» ቁጥር ከ0 ወደ 47 ወጥቷል። ይህ የኬብል ስህተት ቆጣሪ ነው፤ ዲስኩ ራሱ ታሟል ማለት አይደለም። ኬዙን ስዘጋ የሳታ ኬብሉን (ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘውን) ክዳኑ አጥፎታል። ቀየርኩት። ቁጥሩ ወደ 0 አይመለስም፤ ግን 47 ላይ ቆሟል። በዚህ ጉዳይ በቃኝ።

ሚያዝያ 12 እስከ 20

ፋኖቹ ቀኑን ሙሉ በሙሉ ኃይል ይሮጣሉ። ባዮስ (የማዘርቦርዱ የራሱ ፕሮግራም) ውስጥ «ራስህ ተቆጣጠር» የሚለውን አበራሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። በማግሥቱ ሠርግ ስገለብጥ ሐ 47 ሆኖ አገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ባዮስ የሚያየው የፕሮሰሰሩን ሙቀት ነው። ፋይል ሲገለበጥ ፕሮሰሰሩ አይደክምም፤ 38 ዲግሪ ላይ ቁጭ ይላል። ባዮስም ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ፋኑን ያዘገየዋል። የሚቃጠሉት ዲስኮች ግን አይታዩትም።

ስለዚህ ትንሽ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) ጻፍኩ። በየሁለት ደቂቃው የአራቱን ሙቀት ያነባል፤ ትልቁን ይወስዳል። ከ36 በታች ከሆነ ፋኑ በዝግታ፣ 43 ሲደርስ በሙሉ ኃይል፤ በመሐል እንደ ቁጥሩ። ቀላል ይመስላል። አራት ጊዜ ወድቋል።

መጀመሪያ፣ ንባቡ የተኙትን ዲስኮች እየቀሰቀሰ ነበር። ስማርትሲቲኤል ላይ «ዲስኩ ተኝቶ ከሆነ ተወው» የሚል አማራጭ አለ፤ ጨመርኩት። በኋላ ላይ ግን ማስተኛቱን ራሱን ተውኩ። በቀን ሃያ ጊዜ የሚቆምና የሚነሳ ዲስክ ቀኑን ሙሉ ከሚዞር ዲስክ ይልቅ ያሳስበኛል።

ሁለተኛ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፋኑ አልዞረም። በዝግታ ለመቀጠል የሚበቃው ኃይል ከቆመበት ለማስነሳት አይበቃም። አሁን ሁልጊዜ ሲጀምር አምስት ሰከንድ ሙሉ ኃይል ይሰጠዋል።

ሦስተኛ፣ ሊኑክስ ለፋን መቆጣጠሪያው የሚሰጠው ቁጥር ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከተነሳ በኋላ ተለወጠ። ትናንት 2 የነበረው ዛሬ 3 ሆነ። ስክሪፕቱ ባዶ ቦታ ላይ ይጽፍ ነበር። አሁን በቁጥሩ ፈንታ በስሙ ፈልጎ ያገኘዋል።

አራተኛው ከሁሉ ይብሳል። አንዱን ዲስክ ማንበብ ሲያቅተው ስክሪፕቱ ባዶውን እንደ 0 ቆጠረው። 0 ዲግሪ ብርድ ነው፤ ፋኑን አዘገየ። አሁን ማንኛውም ቁጥር ካልተነበበ፣ ወይም ስክሪፕቱ ከሞተ፣ ፋኑ በሙሉ ኃይል እንዲሮጥ አድርጌዋለሁ። ቢበላሽ ወደ ብርድ በኩል ይበላሽ።

ሰኔ 8

ዝናቡ ገባ። ከዝናቡ ጋር አሸኑ መጣ። ማታ መብራት ያለበት ክፍል ሁሉ ክንፍ በክንፍ ሆነ። የእኔ ፋኖች ደግሞ ወደ ውስጥ ይስባሉ።

ያዳነኝ አጎበር ነው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከአሮጌ አጎበር ቁራጭ አጥፌ በሁለት ድርብ የኬዙ ፊት ላይ ለጥፌ ነበር፤ ለአቧራ ብዬ። ጠዋት ሳየው ክንፍና አሸን ተለጥፎበታል፣ ውስጥ አንድም የለም። ስገጥመው ሐ በ1 ዲግሪ ጨምሮ ነበር። ግን አጎበሩ ሲደፈን በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ዲግሪ ያደርሰዋል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አጥበዋለሁ። ሁለት ቁራጭ አለኝ፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይሠራል።

ዩፒኤሱንም (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘውን) ዛሬ ከኬዙ ሥር አወጣሁ። መብራት ደጋግሞ ሲጠፋና ሲመጣ ባትሪውን ሲሞላ ይግላል፤ ሙቀቱ ቀጥ ብሎ ወደ ዲስኮቹ ይወጣ ነበር። ጎን ለጎን ሳደርገው ሀ በ2 ዲግሪ ወረደ። ሀ ከሁሉም በታች ስለሆነ ነው።

ሐምሌ

ብዙ የሚጻፍ የለም። ጠዋት ክፍሉ 17 ይሆናል። ዲስኮቹ 29 እስከ 33። ፋኖቹ በዝግታ። ክረምቱን ፋኑን በሙሉ ኃይል አስኪዶ 22 ማድረስ ይቻል ነበር፤ ጥቅሙ አይታየኝም።

ነሐሴ 19

ሐ ታመመ። 197 ቁጥር ያለው መስመር ላይ 8፤ ይህ ማንበብ ያቃተው ቦታ ነው። በማግሥቱ 5 ቁጥር ያለው መስመር ላይ 16፤ ይህ ደግሞ ትቶት በመጠባበቂያ የተካው። 34,000 ሰዓት ሠርቷል። አራት ዓመት ገደማ ማለት ነው።

በሙቀት ነው ማለት አልችልም። ከሁሉም የጋለው እሱ እንደነበር ግን ማስታወሻዬ ላይ ተጽፏል። ቡፌ ውስጥ ስንት ወር 50 ላይ እንደቆየ የጻፍኩት የለም። ከመጀመሪያው መጻፍ ነበረብኝ።

በዚያው ሳምንት አንዲት እህት መጣች። ከሁለት ዓመት በፊት ሠርጓን የቀረጽኩላት ናት። አባቷ በሐምሌ አርፈዋል። አባቷ የመረቁበትን ክፍል ፈለገች፤ የእነሱ ቤት ያለው ፍላሽ ጠፍቷል። ፋይሉ ያለው ሐ እና መ ላይ ነው። ከመ አነበብኩት። ሙሉ ነበር። አባትየው ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ። ክፍሉን በሁለት ፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋት። እሷ ከሄደች በኋላ የጥንዱን፣ የ«ሐ» እና የ«መ»ን፣ ሙሉ ይዘት ወደ ውጫዊ ዲስክ መገልበጥ ጀመርኩ። ግልባጭ ያለው ጥንድ ባክአፕ (ተለይቶ የተቀመጠ ቅጂ) አይደለም፤ ኬዙን መብረቅ ቢመታው አራቱም አብረው ይሄዳሉ።

መስከረም 6

አዲሱ ዲስክ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ። 9,800 ብር። በስፖንጅ ተጠቅልሎ፣ በካርቶን። ወዲያው አልከፈትኩትም፤ ከብርድ ሲመጣ ውስጡ እርጥበት እንዳይዝ ለአራት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሰፊ ጥርስ ያለው ብሎን፣ የካላማዳሪ ቀለበት፣ አዲስ የሳታ ኬብል።

ከመግጠሜ በፊት የአሮጌውን መለያ ቁጥር ከዲስኩ ላይ አንብቤ ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር አመሳከርኩ። በስህተት «መ»ን ብነቅል ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። አሁን በእያንዳንዱ ዲስክ ፊት ላይ መለያ ቁጥሩን በወረቀት ለጥፌያለሁ።

መስከረም 7

ግልባጩን መሙላት የጀመረው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መ ያለማቋረጥ ያነባል፣ አዲሱ ሐ ያለማቋረጥ ይጽፋል። ከማረጋገጫው ፈተና የሚበልጥ እውነተኛ ሥራ ይህ ነው። አጠገቡ ተቀምጬ በየግማሽ ሰዓቱ ጻፍኩ።

8 ሰዓት፦ ሐ 33፣ መ 34። 9 ሰዓት፦ ሐ 38፣ መ 38። 10 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ዩፒኤሱ ያዘው፣ በስድስት ደቂቃ ተመልሶ መጣ። 11 ሰዓት፦ ሐ 40፣ መ 39። ፋኖቹ በደቂቃ 900 ዙር ላይ ናቸው፤ ገና ትርፍ አላቸው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አለቀ። ሁለቱም ጥንዶች ሙሉ ናቸው። ሐ 39፣ መ 38፣ ክፍሉ 22። አጎበሩ አቧራ ይዟል፤ ነገ ይታጠባል።